ሙጫው ወደ ላይ ወጣ

ሰው በማያውቀው ነገር ቢዋረድ ምን ይገርማል? ዋና የማይችል ቢሰምጥ፣ ፈረስ ያልለመደ ቢወድቅ፣ ማን ይፈርድበታል? እኔ ግን፣ ወዳጆቼ፣ የተዋረድኩት በማውቀው ነገር ነው። ያውም አሳምሬ የማውቀው ነገር እሱ ብቻ ነው። ሌላውን ብትጠይቁኝ የለሁበትም፤ መኪና መንዳት አልችልም፣ ሩዝ ሳላሳርር ቀቅዬ አላውቅም፣ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ፌርማታዬን ያለፍኩበትንም ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። በዚያ በአንዱ ነገር ግን ኢየሩሳሌም በሙሉ ብትሰበሰብ የሚስተካከለኝ ጥቂት ሰው ነው፤ አብዛኞቹም እኔው ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ብስኩቴን የሚበሉት ናቸው።

ነገሩ ሙጫ ነው።

ሙጫ ስላችሁ የጫማ ጠጋኙ እንዳይመስላችሁ። በስልካችሁም ሆነ በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ባትሪ አለ። ባትሪው ውስጥ ስስ የብረት ቅጠል አለ፤ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ሊጥ ተቀብቶ ደርቋል። ሊጡን ቀርባችሁ ብታዩት የጥቃቅን ፍሬዎች ክምር ነው። በፍሬዎቹ መካከል ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ከሌለ ባትሪውን የሚያሠራው ፈሳሽ መሄጃ ያጣል። ፍሬዎቹን እርስ በርስና ከብረቱ ጋር አጣብቆ የያዘ ሙጫም አለ፤ እሱ ከሌለ ሁሉም ይረግፋል። ቀዳዳውም ሙጫውም በልክ ሲሆን ስልካችሁ ይሠራል፤ እናንተም ይህንን ሳታውቁ በሰላም ትኖራላችሁ።

ሊጡ ሲደርቅ ግን አንድ ጉድ አለ። ፈሳሹ ወደ ላይ እየተነነ ሲሄድ ሙጫውን አስከትሎት ይወጣል። ቀስ ብሎ ከደረቀ ሙጫው ተመልሶ ለመሰራጨት ፋታ ያገኛል። ተቻኩለው ካደረቁት ግን ከላይ እንደተሰበሰበ ይቀራል፤ ላይ ላዩ እንደ ጥፍር ይጠነክራል፣ ታችኛው ሙጫ አጥቶ ከብረቱ ይላቀቃል። የእኔ ሥራ ይህንን ጉድ በኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ነው። በኮምፒውተሬ ውስጥ አንዲት ሳጥን አለችኝ። ፍሬዎቹን እደረድርባታለሁ፣ ሙጫውን እበትናለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ሙጫው የት እንደሄደ አያለሁ፣ ከዚያ እንደገና አፍርሼ እጀምራለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሙጫውን በእኩል ነበር የሚበትኑት፤ ለስሌት ይመቻላ! እኔ ግን በእኩል የተከፋፈለ ነገር በዚህ ዓለም አይቼ አላውቅም። ማስረጃ ከፈለጋችሁ እኔንና ታናሽ እህቴን ያኤልን ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩን። ቁመቱም፣ ጥርሱም፣ ድምፁም ለሷ ደርሶ ለእኔ የተረፈኝ መነጽር ነው።

ባልም ለሷ ደረሰ። ዳኒ የሚባል ደግ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። ታላቂቱ ቆማ ታናሺቱ ስትዳር ሰፈሩ አንድ ሰሞን በሐዘን አየኝ። እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ከቤታችን አንዷ ሳያሳርር ሩዝ የሚቀቅልላት ሰው አገኘች።

ቤታችን ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር ነው፤ እናቴ፣ ያኤልና እኔ አብረን እንኖራለን። ክረምቱ ሲገባ ከላያችን ያለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በሳሎናችን ግድግዳ ወርዶ ነበር። ቧንቧው ተጠገነ፤ ግድግዳው ግን ልስኑ እየተፈረፈረ፣ የእርጥበት ካርታ ተሥሎበት ቀረ። ካርታው በሰፋ ቁጥር እናቴ የምትሰቅልበትን ነገር ታሳድጋለች። መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ፣ ቀጥሎ የያኤል የወታደርነት ፎቶ፣ በመጨረሻ ሙሉ ምንጣፍ። ምንጣፉም ሻገተ።

«የዳኒ ወገኖች ሐሙስ መጥተው ይሄን ጉድ ሊያዩት ነው?» አለች እናቴ። «ልጂቱን ከዋሻ አወጣናት ይበሉ? ለሳኝ እንጥራ።»

«እኔ እያለሁ?» አልኩ።

ይቺ ቃል ናት። ይቺን ቃል ከአፌ መልሼ ልውጣት ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ!

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«እማዬ፣ ሙጫ እኮ ሥራዬ ነው። ልስን ማለት ፍሬ፣ ቀዳዳና ሙጫ ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

«ሥራሽ ኮምፒውተር አይደለም እንዴ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሙጫ ነው።»

«እና ይሄ ግድግዳ ኮምፒውተር ውስጥ ነው?»

እኔ ግን ወደ ሥራ ገባሁ። ታልፒዮት ወዳለው የሱቅ ሰፈር ወርጄ እዚህ አገር ሽፓክቴል የሚሉትን የልስን ዱቄት፣ አንድ ባልዲ ነጭ ሙጫና አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዝቼ፣ በአውቶቡስ ከሰው እግር ሥር አስቀምጬ መጣሁ። የዱቄቱ ከረጢት ላይ በትልልቁ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ በስሱ ቀቡት፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ፣ አታሙቁት ይላል። አንብቤዋለሁ። ይሄ ለተራ ሰው የተጻፈ ነው ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ ዕረፍት ወስጄ በጠዋት ጀመርኩ። አሮጌውን ልስን ፋቅሁ፣ ዱቄቱን በውሃ ለወስኩ፣ ሙጫ ጨመርኩ፤ ለያኤል ሰርግ ነውና ተጨማሪ ሙጫ ጨመርኩ፤ ለእናቴ ክብር ደግሞ ሌላ ጨመርኩ። ሁለት ጣት ያህል አወፍሬ ለጠፍኩት። ለጀማሪ እንኳን አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አለመድረቁ ነበር። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ግድግዳው እንደ ላም አፍንጫ እርጥብ ነው፤ እንግዶቹ ደግሞ በማግስቱ ከሰዓት ይደርሳሉ።

የቤታችንን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደቀንኩበት። አልበቃም። የጎረቤት ማሞቂያ ተበድሬ ጨመርኩ። ማራገቢያ አቆምኩ። ማራገቢያው ያልደረሰበትን ማዕዘን ደግሞ ወንበር ላይ ወጥቼ በያኤል የጸጉር ማድረቂያ እነፋው ጀመር። ያኤል ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ መነጽሯን አወለቀች፤ በዝናብም የማይለያትን የፀሐይ መነጽሯን ማለቴ ነው፣ የእኔ ዓይነት ለሷ አልደረሳትም ብያችኋለሁ።

«አሖቲ፣ ማ ዜህ?» አለች፤ እህቴ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ያኤል ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። «ቤቱ ሃማም ሆኗል እኮ!» የእንፋሎት መታጠቢያ ማለቷ ነው።

«አትንኪኝ፤ ሳይንስ ነው።»

ልክ በዚህ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የቢሮ አለቃዬ ሚካል ናት። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ፣ በአንድ እጄ የጸጉር ማድረቂያውን እንደያዝኩ አነሳሁት።

«ስለ ዕረፍትሽ ይቅርታ» አለች፤ «ቢሮ ለመጡ እንግዶች ላስረዳ ስል ጠፋኝ። በፍጥነት ሲደርቅ የሚላቀቀው ለምን ነበር?»

እንዴት አድርጌ እንዳስረዳኋት ብትሰሙ! አንደበቴ እንደዚያ ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ሙቀት ሲበዛ ፈሳሹ ይቻኮላል፣ ሙጫውን ይዞ ይወጣል፣ ላይኛው ቆዳ ያወጣል፣ ታችኛው ይራቆታል፤ ሊጡ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ላይ ላዩን ያየ ሰው ጠንካራ ይመስለዋል፣ ማታለሉ እዚያ ላይ ነው፤ በራሱ ክብደት አንድ ቀን ወርዶ ቁጭ ይላል አልኳት።

«ድንቅ ነው፤ እንዲህ ግልጽ አድርገሽ ነግረሽኝ አታውቂም» አለች። «ምንድን ነው ግን እንዲህ የሚጮኸው?»

«ጸጉሬን እያደረቅሁ ነው» አልኩና ማድረቂያውን ወደሚቀጥለው ማዕዘን አዞርኩት።

አታምኑኝም አውቃለሁ። እኔም ራሴን አላምነውም። ግን አንዲት ጠብታ ጥርጣሬ እንኳ በልቤ አላለፈችም። በኮምፒውተር ያለው የኮምፒውተር ነው፤ ይሄ ደግሞ የእናቴ ግድግዳ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ እኔ ደግሞ በገሉም ጣቴን ቆረጥኩ።

ከመምሸቱ በፊት ግድግዳው ደረቀ። በጣቴ መታሁት፤ ኳ ኳ አለ፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሷል። በማግስቱ ጠዋት የወተት ቀለም ቀባሁት። እናቴ እጇን በአፏ ላይ ጭና ቆመች፤ ከዚያም ግንባሬን ሳመችኝ። «ለካ ትምህርትሽ ለቁም ነገር ነው!» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም። ዕንባዬ መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት እንግዶቹ መጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ተገኘ ናቸው፤ የዳኒ አያት ወንድም፣ ነጭ ኩታቸውን በጥቁር ኮታቸው ላይ ያጣፉ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ሲናገሩ የሚያስልም ሰው ሳሉን የሚውጥላቸው ሽማግሌ። እናቴ የክብር ቦታ ልስጣቸው ብላ የት እንዳስቀመጠቻቸው መናገር አያስፈልገኝም። ከአዲሱ ግድግዳ ሥር። በቤታችን ከሱ የሚያምር ምን አለ?

ጠላ ቀረበ፣ ምርቃት ሆነ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ተገባ። ከኛ ከኢትዮጵያ አይሁዶች ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ በዘመድ የተገናኙ እንደሆነ ጋብቻው የለም፤ ፍቅር ቢኖርም፣ አዳራሽ ቢያዝም፣ የለም። በኛ በኩል አባታችን ካረፈ ወዲህ የሚቆጥረው የአባቴ ወንድም አጎቴ ሲሳይ ነው።

«ያኤል የታምራት» ብሎ ጀመረ፤ «ታምራት የአየለ፣ አየለ የበላይ፣ በላይ የወርቁ...»

አባ ተገኘ የጠላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ወርቁ?»

«አዎን፣ ወርቁ።»

«የየት አገሩ ወርቁ?»

«የወገራው።»

«ሙያው?»

«ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል።»

አባ ተገኘ ቀስ ብለው፣ «የእኔም አያት ወርቁ ነው» አሉ። «የወገራ ሰው ነው። ቀጥቃጭ ነው።»

ያኤል እጄን ጨበጠች። ዳኒ ፊቱ አመድ መሰለ። አጎቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከአፉ በፊት ግን የተናገረው ግድግዳው ነው። መጀመሪያ እንደ ወረቀት መቀደድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የበር ስፋት ያለው ልስን አንድም ቦታ ሳይሰነጠቅ፣ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ተገልጦ፣ በዝግታ አጎንብሶ በአባ ተገኘ ላይ ወረደ። የተሰባበረው በባርኔጣቸው ላይ ነው። አቧራው ሲጠራ ሽማግሌው ከነኩታቸው፣ ከነጢማቸው፣ ከነሽፋሽፍታቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ሆነው እንደተቀመጡ ናቸው። አንድ ቁራጭ ጠላቸው ውስጥ ተንሳፍፏል።

እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም። ቢጎዱ ግን ይሻለን ነበር ልል ምንም አልቀረኝ፤ ምክንያቱም ቀጥለው የተናገሩት ከጉዳት የባሰ ነው። ተነሱ፣ ኩታቸውን አራገፉ፣ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«አባቶቻችን ተናገሩ» አሉ። «ወርቁ የሚለው ስም ሁለቴ ሲጠራ ግንቡ ፈረሰ። ልጆቹ ዘመድ ናቸው። ግድግዳ መስክሯል።»

«አባ፣ ኧረ እርጥበት ነው...» አልኩ።

«እኔ ከግድግዳ ጋር አልከራከርም» ብለው ወጡ። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው።

ያኤል መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። በበሩ ቀዳዳ ለመንኳት፤ መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ በመጨረሻም በለቅሶ። ከውስጥ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ አማርኛውም ጥርት ያለ ነበር።

«አንቺ ነሽ ያፈረስሽው፤ አንቺው ገንቢው።»

እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ስብርባሪውን ትሰበስባለች። ጠዋት የሳመችውን ግንባር አሁን ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱ ከስድብ ሁሉ በለጠብኝ።

ከሚጠረገው ክምር አንድ ጥሩ ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ፊቱን በጥፍሬ ብፍቀው አልበገር አለ። ጀርባውን ነካ ባደርገው እንደ ዱቄት በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ሙጫው በሙሉ ላይ ወጥቷል። በሳጥኔ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁት ሥዕል ይኸው በእጄ ላይ ነው፤ ልክ መሆን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀፎኝ አያውቅም።

ዳኒ ደወለልኝ። «አባ ተገኘ ዓርብ ጠዋት ለሰንበት ገበያ ይወጣሉ» አለኝ፤ «ከገበያው በፊት ግን ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ከአንድ የአገራቸው ሰው ጋር ይጫወታሉ። እዚያ ሲቀመጡ ይለዝባሉ። ሂጂ፤ እኔን አይሰሙኝም።»

ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልዬ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ። ያን ቀን ፌርማታዬን አላለፍኩም። ከነቢያት መንገድ ታጥፌ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ገባሁ፤ ዝናቡ አባርቶ ከፍ ያሉት የድንጋይ አጥሮች ከላይ እስከ ታች ይንጠባጠባሉ። ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ አባ ተገኘ ዝቅ ያለ ግንብ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ከሳቸው ሃያ ዓመት የሚበልጡ የሚመስሉ፣ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው የወረደ፣ ጥርስ የሌላቸው መነኩሴ አሉ። ሁለቱም ወገራ ተወልደው፣ አንዱ በምኵራብ አንዱ በገዳም አርጅተው፣ ዓርብ ዓርብ ስለ አንድ ወንዝ ያወራሉ። እኔ ስደርስ የሚከራከሩት ወንዙ በየትኛው ወር ይሞላ እንደነበር ነው።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አባ ተገኘ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«የግድግዳዋ ልጅ» አሉ ለመነኩሴው፤ ትናንት ያለውን ነግረዋቸዋል ማለት ነው።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግድግዳው ምልክት አይደለም። የእኔ ሞኝነት ነው።»

«ሞኝነት ግንብ አያፈርስም።»

«የእኔው ያፈርሳል። ላሳይዎ።»

ጋዜጣውን ፈታሁ። ፊቱን በጥፍራቸው እንዲፍቁት አደረግሁ፤ አልበገር አለ። ገልብጠው ጀርባውን ሲነኩት ዱቄቱ በጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ስለ ሙጫውና ስለ ውሃው ነገርኳቸው። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የሳጥኔን ሥዕል አሳየኋቸው፤ ሙጫ የበዛበት ከላይ ቀይ ሆኖ፣ የጠፋበት ከታች ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መነኩሴው አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

«ሲኦልና ገነት ነው» አሉ፤ «ግን ተገልብጧል። ሲኦሉ ከላይ ሆኗል።»

አባ ተገኘ አልሳቁም። ዳኛ ናቸው፣ ምርመራ ጀመሩ።

«ይሄን ነገር ከትናንት በፊት ታውቂው ነበር?»

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ነገሬን እዩልኝ። አላውቅም ብል የሊቅነት ስሜ ይተርፋል፣ ግን ግድግዳው ምስጢር ሆኖ ይቀራል፣ እህቴም አትዳርም። አውቃለሁ ብል ሰርጉ ይተርፋል፤ የሚጠፋው የእኔ ስም ብቻ ነው።

«አውቀው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመታት ሆነኝ። እሱኑ ነው የማጠናው።»

«ተቻኩለው ካደረቁት እንደሚላቀቅ?»

«ሥራዬ ያ ብቻ ነው አባ። ሌላ ሥራ የለኝም።»

«ታዲያ በምን አደረቅሽው?»

«በማሞቂያ።»

«በአንድ?»

«በሁለት።»

«ሌላስ?»

«በማራገቢያ።»

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ተተከለ። «ሌላስ?»

«በጸጉር ማድረቂያ» አልኩ። «ያን ጊዜ ደግሞ አለቃዬ ደውላ፣ ሲቻኮሉ ለምን እንደሚላቀቅ ጠይቃኝ፣ እየነፋሁ አስረዳኋት።»

መጀመሪያ የሳቁት መነኩሴው ናቸው፤ በዚያ ጥርስ አልባ አፋቸው ፉጨት የሚመስል ሳቅ። አባ ተገኘ ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉ፣ ትከሻቸው ግን ከዳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሲያወልቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። በኩታቸው ጫፍ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «እየነፋሽ አስረዳሻት!» ይላሉ። «እየነፋሽ!» መንገድ የሚያልፉ ቱሪስቶች ቆመው ፎቶ አነሱን።

«እሺ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ፤ «ይሄ ከሰማይ የመጣ አይደለም። ሰማይ እንዲህ አይሞኝም። ግድግዳሽ ከምስክርነት ወጥቷል። ወርቁ ግን ወርቁ ነው። ሁለቱም የወገራ፣ ሁለቱም ቀጥቃጭ። እሱን በምን ታደርቂዋለሽ?»

ለዚህ ሳጥን የለኝም፣ ቁራጭም የለኝም።

«የትኛው ወርቁ?» አሉ መነኩሴው።

ሁለታችንም ዞርን።

«ሁለት ወርቁ ነበሩ» አሉ። «እኔ ልጅ ሆኜ ነው፤ እርስዎ ገና አልተወለዱም። አንዱ ግራኝ ወርቁ ነው፤ መዶሻ በግራው ነበር የሚይዘው። ሌላው ዓይነ ስንኩሉ ወርቁ፣ ፍንጣሪ አንድ ዓይኑን ያጠፋው፤ ከሰሜን በኩል የመጣ ሰው ነው፣ ዘመድ አይደሉም። የአንዱ ማረሻ ሲሰበር ሰው ሌላውን ይሰድብ ነበር። በዚህ ምክንያት ተጣልተው ሰላም ሳይባባሉ ሞቱ።»

«የእኔ አያት የትኛው ነው?» አሉ አባ ተገኘ።

መነኩሴው በአገጫቸው አመለከቱ። አባ ተገኘ የልስኑን ቁራጭ እስካሁን ይዘውታል። በግራ እጃቸው።

እሳቸውም እጃቸውን እንደ እንግዳ ነገር አዩት። «ልጅ ሆኜ እናቴ እያሰረችብኝ አልለቅ ያለ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከማን እንደወረስኩት የነገረኝ ሰው የለም።»

ለአጎቴ ለሲሳይ ደወልኩ። ስለ ዓይን አንድም ነገር ሳልነግረው፣ «አጎቴ፣ የኛ ወርቁ ምን ምልክት ነበረው?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት።

«ምልክት? አባቴ ሲያወራ፣ አንድ ዓይና ነበር ይላል። ምነው?»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁለቱም ሰሙ። አባ ተገኘ በግራ እጃቸው ጢማቸውን ዳበሱ፣ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በይ፣ ለእናትሽ ንገሪያት» አሉ። «በሚቀጥለው ሐሙስ እንመጣለን። ያን ግድግዳ ግን እንዳትነኪው። ምንም እንዳታደርጊው። ዞረሽም እንዳታዪው።»

አልነካሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ስገባ ፊቴን አዙሬ ነው። ሚካል ታሪኩን ስትሰማ፣ «ቁራጩ አለሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ስለታም ነገር ይዛ በቁመቱ ቆረጠችው፣ ማጉያ ሥር አስገባችው። ኮምፒውተሬ ካለው ጋር ብዙም አይራራቅም። «እናትሽ ሌላ ግድግዳ አላት?» አለችኝ፤ እየቀለደች እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐሙስ መጡ። አባ ተገኘ እንደ ሠለጠነ ሰው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ቆጠራው ከወርቁ ተነሥቶ ሰባት ቤት በሰላም ደረሰ፤ ግራኙ በወዲያ፣ አንድ ዓይናው በወዲህ፣ የትም ሳይገናኙ። የሰርጉ ቀን ተቆረጠ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አሜን ተባለ። አሁን እልል ማለት ነው። የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ብድግ አለች።

«ቀስ! ቀስ በሉ፣ እናቶቼ!» አለች በሹክሹክታ፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ በቀረው ልስን ላይ ነው። «ሌላኛው ወገን አልወረደም።»

ስለዚህ ሴቶቹ በሹክሹክታ እልል አሉ። ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው። ዳኒ ሳቁን ሊይዝ ጉንጩ አበጠ። ያኤል፣ «እማ፣ ዳይ!» ትላለች፤ ይበቃል ማለቷ ነው።

አባ ተገኘ ግራ ገባቸው። «ምን ሆናችኋል? ልጅ እየዳራችሁ ነው ወይስ እየሰረቃችሁ?»

እናቴ ያኤልን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ሳምንቱን ሙሉ ያላየችኝን ያህል አየችኝ፣ ግንባሬ ላይ ያላየሁትን ዱቄት በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያች ከቀጭን ሰውነቷ ይወጣል ብዬ የማላስበውን እልልታ ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ላይኛው ጎረቤት ወለሉን መታ፣ የታችኛዋ ደግሞ በደረጃው እልል እያለች መጣች።

ከግድግዳው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ተላቃ ወረደች። ማንም ዞሮ አላያትም።